መናፈሻ ውስጥ የተገኘችው ልብስ ሰፊ

ወሬ ይዤ መጥቻለሁ፤ ወንበር ያገኘ ይቀመጥ፣ ያላገኘ ግድግዳ ይደገፍ። ግድግዳውን ግን ቀስ ብላችሁ ተደገፉት፤ የዛሬው ጣጣ ሁሉ የተነሳው ከግድግዳ ነው።

ሾላ ምንጭ በምትባል ከተማ ዘርፌ የምትባል ልብስ ሰፊ ነበረች። ባሏ አበጋዝ አናጢ ነበር። እሱ ሲሞት የቀረላት ቤቷና አንድ የስፌት መኪና ነው። ቤቷ ሁለት ክፍል ነው፤ በጓሮ በኩል መኝታዋ፣ በመንገድ በኩል ደግሞ አበጋዝ ጣውላ ያስቀምጥበት የነበረው ክፍል። ጣውላ ብርሃን ስለማይጠይቅ አበጋዝ ለዚያ ክፍል መስኮት አላወጣለትም። ዘርፌ መኪናዋን እዚያ አስገባችና መስፋት ጀመረች። አምፖሉ በራም ጠፋም ያው ነው። መርፌ ውስጥ ክር የምታስገባው በዳሰሳ ነው፤ ጣቷን ስትወጋ ብቻ መርፌው የት እንዳለ ታውቃለች። ደንበኞቿም በጓሮ ዞረው የሚመጡ የሰፈር ሰዎች ናቸው። መንገደኛውማ እዚያ ግድግዳ ውስጥ ሰው አለ ብሎም አይጠረጥር።

ነሐሴ ላይ የከተማዋ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር አስጠራት። የተማሪዎቹን ዩኒፎርም ለእሷ መስጠት እንደሚፈልግ፣ ግን ወላጆች ከመንገድ አይተው የሚመጡበት ቦታ ከሌላት ሥራውን ለሌላ እንደሚሰጥ ነገራት። እስከ ጳጉሜ ጊዜ ሰጣት። ይህ ሥራ ካመለጣት መኪናዋን ሸጣ እህቷ ቤት መጠጋቷ ነው። እህቷ ደግ ናት፤ ቤቱ ግን የእህቷ ባል ቤት ነው። ዘርፌ ሰው ቤት ጥግ ይዛ ስትኖር፣ ሲበላ ብዪ ሲተኛ ተኚ ስትባል ታያት። ከዚያ በኋላ በዚህ ዓለም ላይ አንድ ነገር ብቻ ፈለገች። ብርሃን የምታስገባ፣ እሷንም ለመንገደኛ የምታሳይ አንዲት መስኮት።

ጎረቤቷን ግንበኛውን ኩምሳን ጠራችው። ኩምሳ ግድግዳውን በጣቱ አንኳኳ፣ ጆሮውን ለጠፈበት፣ የግማሽ ቀን ሥራ ነው አለና እጅጌውን ሰበሰበ። ወዲያው ደግሞ እጅጌውን መልሶ አወረደና ፈቃድ እንዳላት ጠየቃት። ለአንዲት መስኮት የምን ፈቃድ ነው ብትለው፣ አምና አንድ ሰው ለምኖት በመንገድ በኩል በር ከፍቶ ደንብ አስከባሪዎች መዶሻውን እንደወሰዱበት ነገራት። መዶሻውን እስኪመልሱለት ድረስ ሚስቱ ሥራ ፈት እያለች ጠርታዋለች።

«እትዬ ዘርፌ፣ ለአንቺ ከሆነ በጥርሴም አፈርሰዋለሁ» አላት። «ወረቀቱን ብቻ አምጪልኝ።»

ዘርፌ መስኮት ፈለገች። ኩምሳ ግድግዳውን አልነካም አለ፣ ፈቃድ የለማ። ነጠላዋን አጣፋችና ወደ ማዘጋጃ ቤት ወጣች።

በማዘጋጃ ቤቱ የግንባታ ፈቃድ የሚጽፈው አቶ ይርዳው ይባላል። ይርዳው ክፉ ሰው አይደለም፤ ቀለም ላይ ብቻ ቀልድ አያውቅም። ጠረጴዛው ላይ ያሉት እስክሪብቶዎች እንኳ ቀይ ከቀይ ጋር፣ ሰማያዊ ከሰማያዊ ጋር ተሰልፈው ይውላሉ። ከኋላው የከተማዋ ፕላን ግድግዳውን ሞልቶት ተሰቅሏል። ቢጫው የመኖሪያ ክልል ነው አላት። ቀዩ የንግድ፣ ወይን ጠጁ የወፍጮና የብረታ ብረት፣ ቡናማው ደግሞ ሰው እየኖረበት አነስተኛ ሥራ የሚሠራበት ቅይጥ ክልል ነው። ዘርፌ መንገዷን በጣቷ እየተከተለች መጣች። መንገዱ ዳርና ዳር ቡናማ ነው። የኩምሳ ቤት ቡናማ፣ ከኩምሳ ቀጥሎ ያለው ቡናማ፣ የእሷ ቤት ላይ ስትደርስ አረንጓዴ።

ይርዳው አረንጓዴው መናፈሻ መሆኑን፣ መናፈሻ ላይ ደግሞ ግንባታም ንግድም እንደማይፈቀድ አስረዳት። መናፈሻው ከቤቷ ፊት ያለውን ሜዳ ይዞ፣ የቤቷን ግማሽ ቆርጦ ገብቷል።

«የሚተኙት መኖሪያ ውስጥ ነው» አላት በአክብሮት። «የሚሰፉት ግን መናፈሻ ውስጥ ነው።»

ዘርፌ ይህን ሁሉ ጊዜ መናፈሻ ውስጥ ስትውል አንዲት አበባ እንኳ አለማየቷ ገረማት። እያጉረመረመች ደረጃውን ወጣች። መስኮት ፈለገች። ኩምሳ ግድግዳውን አልነካም አለ፣ ፈቃድ የለማ። ይርዳው ፈቃዱን አልጽፍም አለ፣ ካርታው አረንጓዴ ነዋ።

ፎቅ ላይ ያለችው የፕላን ባለሙያ ሕሊና ትባላለች፤ ለወጣትነቷ የማይመጥን ትዕግሥት ያላት ልጅ ናት። ዘርፌ ነገሩን ከሥሩ ጀምራ ነገረቻት። መስኮት እፈልጋለሁ አለች። ኩምሳ ግድግዳውን አልነካም አለኝ፣ ፈቃድ የለማ። ይርዳው ፈቃዱን አልጽፍም አለኝ፣ ካርታው አረንጓዴ ነዋ። እንግዲህ ልጄ፣ ያንን አረንጓዴ ላጲስ ካለሽ አጥፊልኝ አለች።

ሕሊና ሳቀችና ወንበር ሰጠቻት። ቀለም ዝም ብሎ እንደማይቀባ ነገረቻት። ወፍጮ ትምህርት ቤት አጠገብ ቢተከል ልጆቹ አስተማሪያቸውን አይሰሙም፤ ቄራ ጤና ጣቢያ ጎን ቢከፈት በሽተኛው ይብስበታል። ሁሉም ቦታ ቦታውን እንዲይዝ ነው ከተማ የሚከለለው። መናፈሻም ያስፈልጋል፤ አለዚያ ሁሉም መሬት በቤት ይሞላና ሕጻን የሚሮጥበት ያጣል። ዘርፌ ይህን ስትሰማ ተናደደች፤ ነገሩ እውነት ስለሆነ የምትቆጣው ሰው አጣች።

ሕሊና ካርታውን አጠጋችላት። መናፈሻው ከአየር በተነሳ ፎቶግራፍ ላይ ታይቶ የተከለለ ነው፤ ጥርት ያለ አረንጓዴ፣ ጥጉ ላይ ደግሞ ሰማያዊ ነገር አለው። ሰማያዊዋ ኩሬ ናት። ዘርፌ ደጃፏ ላይ ኩሬ አይታ እንደማታውቅ በእናቷ ስም ማለች። ሕሊናም ግራ ገባት፤ ግን በመሐላ ካርታ አይታረምም። ቀያሹ መሬቱን ለክቶ እዚህ መናፈሻ የለም ካለ ስህተቱን የማረም ሥልጣን አላት፤ ካለዚያ እጇ ታስሯል።

ዘርፌ ቀያሹን ፍለጋ ስትሄድ መንገዱን በዜማ ያዘችው። መስኮት ፈለግሁ። ኩምሳ ግድግዳውን አልነካም አለ፣ ፈቃድ የለማ። ይርዳው ፈቃዱን አልጽፍም አለ፣ ካርታው አረንጓዴ ነዋ። ሕሊና ካርታውን አላርምም አለች፣ ቦታው አልተለካማ። መንገድ ላይ ያገኛት ሁሉ ዘርፌ ብቻዋን ማውራት ጀመረች ብሎ አዘነላት።

ቀያሹን ባህሩን የከተማዋ ዳር ላይ ባለ ሦስት እግር መለኪያውን ተክሎ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ አገኘችው። ዓይኑን ሳይገልጥ ሰማት። መስኮት እፈልጋለሁ አለችው። ኩምሳ ግድግዳውን አልነካም አለ፣ ፈቃድ የለማ። ይርዳው ፈቃዱን አልጽፍም አለ፣ ካርታው አረንጓዴ ነዋ። ሕሊና ካርታውን አላርምም አለች፣ ቦታው አልተለካማ። አንተ ለካና ገላግለኝ። ባህሩ ዓይኑን ገለጠ። መለካቱ ደስታው ነው፤ ግን ልኬት ከሆነ ቦታ መነሳት አለበት፣ ከሰማይ አይነሳም። በዚያ ሰፈር መነሻው ድሮ የተቀበረ የሲሚንቶ ችካል ነው። እሱንም ቢሆን ፈልጎት ያውቃል። የእድሩ ሰዎች መሬት ላይ ደልደል ብሎ የተቀመጠ ነገር ሲያዩ ጥሩ የማዕዘን ድንጋይ መስሏቸው፣ የእድሩን ዕቃ ቤት አናቱ ላይ አቁመውበታል። ባህሩ ይህን ሲናገር ገና ያመዋል።

ስለዚህ ዘርፌ ወደ ሰፈሯ ተመለሰች። የእድሩ ዳኛ ጋሽ ወልደየስ ናቸው፤ ሰፈሩ ውስጥ ቁጣቸውም ለቅሷቸውም ቶሎ የሚመጣ ሽማግሌ። ከቆርቆሮው ዕቃ ቤት ደጃፍ ድስት ሲያስቆጥሩ ደረሰችባቸው። እስትንፋሷን ሰብስባ ነገረቻቸው። መስኮት ፈለግሁ ጋሽዬ። ኩምሳ ግድግዳውን አልነካም አለ፣ ፈቃድ የለማ። ይርዳው ፈቃዱን አልጽፍም አለ፣ ካርታው አረንጓዴ ነዋ። ሕሊና ካርታውን አላርምም አለች፣ ቦታው አልተለካማ። ባህሩ ቦታውን አልለካም አለ፣ ችካሉ ዕቃ ቤቱ ሥር ነዋ። እባክዎ ይህን ቆርቆሮ ትንሽ ፈቀቅ ያድርጉልኝ።

ጋሽ ወልደየስ ማዕዘኑን ረገጥ ረገጥ አድርገው ሲያዩት ፊታቸው ቀላ። ድንጋዩን መርጠው ያስቀመጡት እሳቸው ነበሩ። ቢሆንም በዚህ ዝናብ ድስቱንና አግዳሚውን ሜዳ ላይ አውጥተው እንደማያበላሹ ተናገሩ። ዕቃው የሚጠለለው በእድሩ ድንኳን ሥር ነው፤ ድንኳኑ ደግሞ ክረምቱ ሲገባ ከመሃሉ ተቀዷል። ነገ አንድ ሰው ቢሞት ለቀስተኛው ዝናብ ሊመታው እንደሆነ ሲያስቡ እንቅልፍ አጥተዋል። የሚሰፋ ሰው ይፈልጋሉ።

«እኮ ማን ይስፋው?» አለች ዘርፌ።

«አንቺን ነበር ያሰብን፣ ልጄ። ግን እንዴት ብለን እንጠይቅሽ፤ ያ ሁሉ ሸራ እንኳን በዚያ ጨለማ ሊሰፋ በበርሽም አይገባ።»

ዘርፌ ነገሩን በጣቷ ቆጠረችው። መስኮት ፈለገች። ኩምሳ ግድግዳውን አልነካም አለ፣ ፈቃድ የለማ። ይርዳው ፈቃዱን አልጽፍም አለ፣ ካርታው አረንጓዴ ነዋ። ሕሊና ካርታውን አላርምም አለች፣ ቦታው አልተለካማ። ባህሩ ቦታውን አልለካም አለ፣ ችካሉ ዕቃ ቤቱ ሥር ነዋ። ጋሽ ወልደየስ ዕቃ ቤቱን አላነሳም አሉ፣ ድንኳኑ ቀዳዳ ነዋ። ዘርፌም ድንኳኑን አትሰፋም፣ መስኮት የላትማ። ከተማውን ሙሉ ዞራ ዞራ የደረሰችው የራሷ ደጃፍ ላይ ነው።

ዕቃ ቤቱ ደፍ ላይ ቁጭ አለችና አገጯን ያዘች። መጀመሪያ ሁሉንም በየተራ ረገመቻቸው፤ ኋላ ግን እርግማኑ አልያዝ አላት። ኩምሳ መዶሻው እንጀራው ነው። ይርዳው ለእሷ ቢያልፍላት ለሌላው ምን ይመልሳል? ሕሊና በሰው ወሬ ካርታ ብታርም ነገ ጉልበተኛው ሁሉ ወሬ ይዞላት ይመጣል። ባህሩም ከሰማይ አይለካ። ስድስቱም አልችልም ብለዋል፤ ከስድስቱ አልችልም ውስጥ መመለስ የምትችለው የራሷን ብቻ ነው።

ተነስታ መኪናዋን ተሸክማ ሜዳው ላይ ልታወጣ ስትታገል ኩምሳ አይቷት መጣና ተቀበላት። ዝናቡ ፋታ የሰጠ ቀን ነበር። ድንኳኑ ከዕቃ ቤቱ ተጎትቶ ወጣና ተዘረጋ፤ የሰፈሩ ሰው ዳር ዳሩን ይዞ ሸራውን በመርፌው ሥር እየገፋላት፣ ዘርፌ መኪናውን እየረገጠች፣ መኪናው ያቃተውን ወፍራም ጥግ በእጇ እየሰፋች ዋለች። ይርዳው ከሥራ ሲወጣ አያትና ቆመ። መናፈሻ ውስጥ ድንኳን መስፋት ይፈቀድ እንደሆነ ደንቡን በልቡ ሲያገላብጥ ቆየ፤ የሚከለክል ነገር ስላጣ እሱም አንዱን ጥግ ያዘ።

አሁን ጠጋ በሉ፤ ነገሩ የሚመለሰው እዚህ ጋ ነው። ዘርፌ ሰፋች፣ ድንኳኑ ዳነ። ድንኳኑ ቢድን እንደ ወትሮው ሜዳው ላይ ተተከለ፤ ከሜዳው ስለሚበልጥ አንዱ ጎኑ እንደ ወትሮው ዘርፌ ጣራ ላይ ወጣ። ድንኳኑ ቢተከል ድስቱ ተጠለለ። ድስቱ ቢጠለል ዕቃ ቤቱ በሰው ትከሻ እንደ አልጋ ተነሳ። ዕቃ ቤቱ ቢነሳ ችካሉ ተገኘ። ችካሉ ቢገኝ ባህሩ መለኪያውን ተክሎ ዓይኑን ጨፈነ።

ሕሊናም ካርታዋን ጠቅልላ፣ ፎቶግራፉንም ይዛ መጥታ ነበር። ባህሩ የመናፈሻውን አንደኛ ጥግ ለክቶ ረዳቱን ቢያቆመው የድንኳኑ ገመድ የታሰረበት ላይ ቆመ። ሁለተኛውን ቢለካ ሌላው ገመድ ላይ። ሦስተኛው የዘርፌ ጣራ ላይ ሆነ። ሕሊና ቀና ብላ ድንኳኑን አየችው። ድንኳኑ አረንጓዴ ነው። ኩሬዋን ለኩልኝ አለች ድምጿ እየተቀየረ። ባህሩ ለካ፤ ኩሬዋ ድንኳኑ ጥግ ላይ ድሮ የተለጠፈች ሰማያዊ ላስቲክ ሆና ተገኘች።

ሰው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። ጋሽ ወልደየስ ሕይወታቸውን ሙሉ እድር ሲያስተዳድሩ መናፈሻ ማስተዳደራቸውን አለማወቃቸው እያሳቃቸው እንባቸውን ጠረጉ። ሕሊና ግን የፎቶግራፉን ጀርባ ገልብጣ ቀኑን አነበበችና ካቻምና ጥቅምት ላይ የተነሳ ነው አለች። ጥቅምት ላይ ይህ ድንኳን ለማን ተተክሎ እንደነበር ጠየቀች።

ሳቁ ቆመ። ሰው ሁሉ መሬት መሬት አየ። ዘርፌ ካርታው ላይ ወዳለው አረንጓዴ ጎንበስ ብላ በጣቷ ነካችው። እዚያ ውስጥ፣ ከላይ ሆኖ ያነሳው ሰው ሳያያት፣ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ተቀምጣለች። እንባዋ መጣ፤ ከእንባዋ ኋላ ግን ሌላ ነገር ተከተለ።

«የአበጋዝ ለቅሶ ነው» አለች። «እኔን እኮ በሕይወቱ አንድ ቀን መናፈሻ ወስዶኝ አያውቅም።»

መጀመሪያ የሳቀችው እሷ ስለሆነች ሌላውም መሳቅ ቻለ። ሕሊና ደንቡ ትክክል እንደሆነ፣ የተሳሳተው ዓይን እንደሆነ፣ እንዲህ ያለውን ስህተት እሷው ራሷ ማረም እንደምትችል ተናገረች። ልብስ መስፋት ቅይጥ ክልል ውስጥ የሚፈቀድ ሥራ ነው፤ ወፍጮ እንዳትተክል ብቻ አስጠነቀቀቻት። እናም ባህሩ ለካ፣ ሕሊና ካርታውን አረመች። ካርታው ቢታረም አረንጓዴው ቡናማ ሆነ። ቡናማ ቢሆን ይርዳው ፈቃዱን ጻፈ። ፈቃዱ ቢጻፍ ኩምሳ መዶሻውን አነሳ። መዶሻው ቢነሳ ግድግዳው ተከፈተ፤ ጳጉሜ ሳትገባ ዘርፌ መስኮት አገኘች። ርእሰ መምህሩም በመንገዱ ሲያልፍ አያትና የዩኒፎርሙን ጨርቅ ላከላት።

ጨርቁ የመጣ ዕለት እንኳን ደስ አለሽ ሊሏት ጎረቤቶቿ ክፍሉን ሞሉት። ይርዳውም መስኮቱ በተፈቀደው ልክ መከፈቱን ሊያይ ሜትሩን ይዞ ገባ። ብርሃኑ ከመስኮቱ ገብቶ ወለሉ ላይ ወድቋል፤ ይርዳው ብርሃኑ መሃል ቆመ። ዘርፌ መኪናዋ ላይ እንደተቀመጠች እግሩን አየች። ጥቁር ሱሪ ነው። የሱሪው ጫፍ ዙሪያውን ደማቅ አረንጓዴ በሆነ ክር ተሰፍቷል፤ አሰፋፉ የራሷ ነው።

ዓይኗን አነሳች። የኩምሳ ግራጫ ሸሚዝ ኪስ በቀይ ክር ተይዟል። የጋሽ ወልደየስ ኮት ቁልፎች አንዱም ከአንዱ አይመሳሰልም። በሩ ላይ የቆመችው ጎረቤቷ ነጭ ቀሚስ ጎኑ ላይ ቡናማ መስመር ወርዶበታል። አበጋዝ ከሞተ ጀምሮ ሰፈሩን በሙሉ እንዲህ ስታለብሰው ኖራለች፤ ሰፈሩም ለብሶ ቤተ ክርስቲያን ሄዷል፣ ሠርግ ሄዷል፣ ቢሮ ገብቷል፤ የተቀደደ በተገኘ ቁጥርም ወደ እሷው ይዞ ተመልሷል።

«አቶ ይርዳው፣ ይህን የሰፋሁት እኔ ነኝ?»

ይርዳው ወደ እግሩ አየና ሜትሩን ጠቀለለ። «እርስዎ ነዎት።»

«አረንጓዴ ነው እኮ።»

«አረንጓዴ ነው» አለ ይርዳው። «ካርታ ላይ ቢሆን አላልፈውም ነበር።»

ዘርፌ አፍራ ነበር፤ እንዲህ ተወዳ እንደኖረች ደግሞ ገና አሁን ገባት። ሁሉም እሷ የሰፋችላቸውን ልብስ እንዲያመጡ አዘዘችና በይርዳው ጀመረች። ከሰዓት በኋላ የግንባታ ፈቃድ ጸሐፊው የጋሽ ወልደየስን ጋቢ አገልድሞ ጥግ ላይ ተቀምጦ ሲጠብቅ፣ ዘርፌ መስኮቷ ሥር ሆና አረንጓዴውን ክር ተረተረች፣ ጥቁሩን ከብርሃኑ ጋር አስተያይታ መርፌዋ ውስጥ አስገባች። በመንገዱ የሚያልፈው ሁሉ ያያት ነበር።